ጋሻ ጃግሬው ከጎን ሲመታ

ይድረስ ለእናቴ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ደረጃ ላይ የማያስቸግርሽ፣ ያ ክፉ ሳልም የለቀቀሽ ይሁን። እንደምን ሰነበትሽ? አክስቴስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም ቤቱን በለቅሶ ታናውጠዋለች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ምን ያህሉ ደህና እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንዳልሆነ ከታች ስታነቢ ራስሽ ትመዝኚዋለሽ።

በስልክ ብናወራ ይቀል ነበር። ግን በስልክ አንቺ «እሺ» ትያለሽ፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ዘግተን ሁለታችንም እንናደዳለን። ወረቀት ቢያንስ መሀል ላይ አይዘጋም። «ስትጽፊ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ታስመስይዋለሽ» ማለትሽ እንደማይቀር አውቃለሁ። እውነትሽን ነው፤ ግን ነገር ከእንባ ጋር ሲቀላቀል ይጠፋብኛል። ስለዚህ እኔ እንደ ሪፖርት ልጻፈው፣ አንቺ እንደ እናት አንብቢው።

የምጽፍልሽ ስለ ሥራዬ ነው። ሰዎች ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉሽ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብለሽ እንደምታልፊው ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ሥራዬ ጌም መሥራት ነው። ከጌሙ ውስጥ ደግሞ የእኔ ድርሻ ሙያዎቹን ማበጀት ነው። ተጫዋቹ ገና ሲገባ «ምን ልሁን?» ብሎ ይመርጣል። ቀስተኛ ከሆነ ከሩቅ ይወጋል፤ አስማተኛ ከሆነ እሳት ያዘንባል፤ ፈዋሽ ከሆነ የቆሰለውን ያነሳል፤ ጋሻ ጃግሬ ከሆነ ደግሞ ከፊት ቆሞ የሌላውን ዱላ ይቀበላል። አራቱ አንድ ላይ ሆነው ዋሻ ይገባሉ፣ እዚያ ያለውን ጭራቅ ይገጥማሉ።

ለእያንዳንዱ ሙያ የሚችለውን መስጠት ቀላል ነው፤ ማንም ይሰጣል። ከባዱ የማይችለውን መወሰን ነው። ፈዋሹ ጎበዝ ተዋጊም ከሆነ ሌላውን ምን ሊያደርገው ይፈልገዋል? ቀስተኛው ጠላት ሲጠጋው ካልደነገጠ፣ ጋሻ ጃግሬው ለማን ብሎ ይቆማል? ሰው ሰውን እንዲፈልግ አድርጎ ማጉደል፣ እንጀራዬ ይኸው ነው። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ መረብ ኳስ ስታሠለጥኚ የኖርሽ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። «ስድስት አጥቂ ይዤ ማንን ላሸንፍ ነው?» እያልሽ ስትበሳጪ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

የእኔም ራስ ምታት ያው ያንቺው ነበር። ሁሉም መምታት ይፈልጋል፤ ዱላ የሚቀበል ጠፋ። ጌሙ ገና ገበያ አልወጣም፤ እየመጡ የሚፈትሹልን ሞካሪዎች አሉ። ከእነሱ መሀል ጋሻ ጃግሬን ወዶ የሚመርጥ አልተገኘም። መጨረሻ የደረሰ ሞካሪ ነው ሌላው ሁሉ ተይዞበት፣ ፊቱን አጨማዶ ጋሻውን የሚያነሳው። የቢሯችን አለቃ ነገሩ ሁሉ «ቶሎ፣ ቶሎ» ስለሆነ ስሙን ቶሎ ብለነዋል። ራሱም ያውቃል፤ ስልክ ሲያነሳ «ቶሎ ነኝ» ይላል። እሱ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ «ይህን ሙያ ወይ አድኚው ወይ ቅበሪው፤ ብቻ ቶሎ» አለኝ። መቅበር ማለት ደግሞ ሌሎቹን ሦስቱንም እንደገና መሥራት ማለት ነው። የሁላችንም የዓመት ልፋት በጋሻ ጃግሬው ጋሻ ላይ ነበር የቆመው።

መጀመሪያ ጉልበት ጨመርኩለት። ምንም ያህል ቢደበደብ የማይወድቅ አደረግኩት። ሞካሪዎቹ «ግንብ ሆኖ መዋል ይሰለቻል» አሉ፤ አልፈረድኩባቸውም። ቀጥዬ ሹል ሰይፍ ሰጠሁት። አሁን ሁሉም እሱን መረጠ። ግን የሚቋቋምም የሚመታም ሲሆን ሌሎቹ ከኋላው እያዛጉ የሚከተሉት አጃቢ ሆኑ። አንዷ ሞካሪ ፈዋሽ ሆና ስትጫወት ስልኳን አውጥታ ታናሽ እህቷን የቤት ሥራ ስታስጠና አየኋት። ሰይፉን መልሼ ነጠቅኩት።

ይህን ሳሰላስል የቢሯችን ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተሩን እየተሸከመ ወደየቤቱ ሄደ። እኔም ሁለት ኮምፒውተር ሳሎን ውስጥ ደረደርኩ። አባዬ ያን ጊዜ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ነው ውሎው። አንቺ ለአክስቴ አራስነት ልትረጂ ሄደሽ በዚያው ከቀረሽ ወዲህ ቴሌቪዥን ማየት ትቷል፤ ሬዲዮ ብቻ ነው። እኔ ዜናው ሰልችቶት ነው ብዬ ነበር።

ብቻዬን ሁለት ሰው ሆኜ መጫወት ሲያቅተኝ «አባዬ፣ እስቲ አንዱን ያዝልኝ» አልኩት። ወንበሩን ስቦ መጣ። አራቱን ሙያዎች አንድ በአንድ ነገርኩት። «ይኼኛው ሥራው ምንድነው?» አለ ጋሻ ጃግሬውን። «ከፊት ቆሞ መመታት» አልኩት። «እሱማ የኖርኩበት ነው» ብሎ መረጠው። አትናደጂ፤ ስቆ ነው ያለው።

ይለምዳል ብዬ አልጠበቅኩም እንጂ ለመደ። በሳምንቱ ቁርሱን ሳይጨርስ «ያ ዋሻ እንዴት ሆነ?» ማለት ጀመረ። ግን ሹፌር ሹፌር ነው፤ ስለ ጭራቁ አይደለም ብስጭቱ፣ ስለ መንገዱ ነው። «ይህን ኩርባ የሠራ መሐንዲስ ፈቃዱ ይነጠቅ!» ይላል። «ገደል አፋፍ ላይ አንድ አጥር የለ!» ይላል። መሐንዲሱ የቢሮ ባልደረባዬ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ጨዋታው ላይ ከፊቱ ለመጣ ነገር አባዬ የማይነቃነቅ ነው። እኔ ቀስተኛ ሆኜ ከኋላው እቆማለሁ፤ ጭራቁ ሲንደረደር ጋሻውን ሽቅብ አድርጎ ይጠብቀዋል። አያፈገፍግም። «ነይ ከኋላዬ፣ አትፍሪ» ይለኛል፤ እኔ የሠራሁትን ጭራቅ እንዳልፈራ። ከጎን የመጣ እንደሆነ ግን ጋሻውን ፈቀቅ አያደርገውም። ግራውንም ቀኙንም ክፍት ትቶት ይመታል፣ ይመታል፣ ይወድቃል። ከዚያ «ከየት መጣ ይሄ ደግሞ?» ይላል፤ በየጊዜው እንደ አዲስ።

እኔ ጥፋቱን ከሥራዬ ነው የፈለግኩት። ከጎን ጥቃት ሲመጣ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቢጫ ምልክት ብልጭ እንዲል አድርጌ ነበር። ደካማ ነው ማለት ነው ብዬ ቢጫውን ቀይ አደረግኩት። ቀዩን አወፈርኩት። አባዬ እንደወትሮው ይወድቃል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ «ጠርዙ ላይ ያለውን ምልክት ግን ታየዋለህ?» አልኩት። «አየዋለሁ እንጂ፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ ቆጣ ብሎ። የዚያን ቀን ጠዋት ሌላ ነገር ስሠራ ምልክቱን አጥፍቼው እንደነበር ያስታወስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ምልክቱን መለስኩና የስክሪኑን ግራ ወገን ከላይ እስከ ታች፣ ሲሶው ያህል፣ ደም አስመስዬ አቀላሁት። ሕፃን ልጅ ቢያየው ያለቅስ ነበር። አባዬ መሀሉን እያየ፣ አንድ የድሮ ዜማ እያንጎራጎረ መንገዱን ቀጠለ።

ከወንበሩ ክንድ ላይ ተቀመጥኩ። «ምነው? አደናቀፍኩሽ?» አለኝ። «አይ፣ እግሬ ነው የደነዘዘው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳላስበው እሱን መመልከት ጀመርኩ። ቀኝ ትከሻው በበሩ መቃን እየተመታ ጠቁሯል። ሻዩን ከጎኑ ሳስቀምጥለት «ሻይ አላፈላሽም?» ይለኛል፤ ከፊቱ ሳደርገው ያመሰግነኛል። ኮሪደሩን ሲያልፍ የጣቱ ጫፍ ግድግዳውን ትነካለች፤ ቀለሙ በጣቱ መስመር ልክ ወይቧል። ያ ወይባ መስመር ደግሞ የዘንድሮ አይደለም፤ አንቺ እያለሽም ነበረ። ቀለም እንቀባ ብለን ተነታርከንበታል። «አምፖሉ ደካማ ነው» እያለ ሳሎኑን እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል አብርቶታል።

አንድ ጠዋት አብረን አንድ ቦታ ሄድን። በቀላሉ አይደለም የሄደው፤ ወደሚቀጥለው ዋሻ አላሳልፍህም ብዬ አስፈራርቼው ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ከፊቱ ተቀመጠችና እስክሪብቶ አወጣች። «አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ አባቴ፤ እስክሪብቶው ሲታይዎት አሁን ይበሉኝ» አለችው። እስክሪብቶው ከጆሮው አጠገብ ተነሳ፤ መጣ፣ መጣ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በሆዴ «አሁን በል፣ አባዬ፣ አሁን በል» እላለሁ። ወደ አፍንጫዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው «አሁን!» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ ፈተናውን ያለፈ መስሎት።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘና «ሐኪሟ ያለችውን እናትሽ እንዳትሰማ፤ ማይልኝ» አለኝ። ለምን አልኩት። «ከሰማች በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች» አለ። «ታዲያ ቢመጡ ምን ክፋት አለው?» አልኩት፤ በመጨነቄ አንቱ ብዬሽ አረፍኩት። አባዬ ቆመና «አዝናልኝ የመጣች ሴት ተመልሳ መጣች አይባልም» አለኝ።

ማልኩ። በማን እንዳስማለኝ ታውቂያለሽ፤ በአንቺ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ያለችውን አልጽፍልሽም። ጠዋትና ከራት በፊት ጠብታ እንደማደርግለት ብጽፍ መሐላዬን ያፈረስኩ አይመስለኝም፤ ጠብታውን የማደርገው እኔ ነኝ እንጂ ሐኪሟ አይደለችም።

ስንመለስ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠ። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር የአባዬም እጅ ጉልበቱ ላይ አብሮ ይዞራል። ጥቂት ከሄድን በኋላ ሳልጠይቀው ያወራኝ ጀመር። አንቺና እሱ የተቃቃራችሁበትን ያን ነገር ነው፤ ጡረታው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አንድ ቀን የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክቦ መምጣቱን። አንቺ «ሰው ደህና ሥራውን ምን አግኝቶት ይጥላል?» ብለሽ ሳምንቱን ሙሉ ጠየቅሽው፤ እሱ «ደከመኝ» ብሎ በሩን ዘጋብሽ። «ለእኔ የማይነገር ድካም ምን ዓይነት ነው?» ያልሽውን እኔም ከጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

እንዲህ ነው ያለኝ፤ በራሱ አፍ ልተውልሽ። «ከመቆሚያው መውጣቴ ነበር፤ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። አንዲት ሴትዮ ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ፣ ከጎማዬ ሥር ሆና አገኘኋት። ፍሬን ያዝኩ። እሷን አልነካኋትም፤ ጃንጥላዋ ብቻ ነው የተጨፈለቀው። ወርጄ ይቅርታ ስጠይቃት በዚያው በተሰበረው ጃንጥላ ደረቴን እየወጋች ‹ዕውር ሹፌር መቅጠር ጀመሩ ደግሞ!› አለችኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀሪውን መንገድ በሰው ልጅ እግር ፍጥነት ነዳሁና ቁልፉን አስረከብኩ።»

«ታዲያ ይህን ለእማዬ መንገር ምን ነበረበት?» አልኩት። «ምን ብዬ? አንዲት ሴትዮ ሰደበችኝ ብዬ?» አለኝና ወደ መስኮቱ ዞረ። ይህን እንዳልነግርሽ ግን አላስማለኝም። ምናልባት ረስቶት ይሆናል።

ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ቶሎ በየቀኑ እየደወለ ነበርና። ቢሯችን ውስጥ የጌሙን ድምፅ የምትሠራ ልጅ አለች፤ ጆሮ እንላታለን። ሰው ሲያወራ ቃሉን ሳይሆን ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ሲል የምትሰማ ናት። ደወልኩላትና «ዓይን የማያስፈልገው ምልክት ሥሪልኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ የተጣለ አሮጌ የእንጨት በርና የብረት በርሜል በመዶሻ ስትደበድብ የጥበቃው ሰውዬ ሊያስወጣት ሲታገላት አገኘኋት። ከግራ ጥቃት ሲመጣ እንጨቱ ደፍ ይላል፤ ከቀኝ ሲመጣ በርሜሉ ያቃጭላል። ሊመጣ ሲል በስሱ፣ ሲደርስ በኃይል።

ለአባዬ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅኩለትና ምንም ሳልነግረው አስጀመርኩት። የመጀመሪያው ከግራ መጣ። አንገቱን ቀና አደረገ። ሁለተኛው ሲመጣ ጋሻውን አዞረ፤ ዘግይቶ ነው፣ ግን አዞረ። ሦስተኛው ወደ እኔ የተወረወረ ነበር፤ እኔ ቀስቴን እያነጣጠርኩ ነው፣ አላየሁትም። አባዬ ተወርውሮ መሀላችን ገባና ድምፁ በእኔም ጆሮ ውስጥ ደፍ አለ። «መጥቶብሽ ነበር፤ ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ምን ሆናችሁ አለን።

ጣሪያው ተጠግኖ ቢሮ ስንመለስ ለሞካሪዎቹ ሰጠናቸው። እኔ የጠበቅኩት ጋሻ ጃግሬው ከጎን መመታቱ ይቀንሳል ብዬ ነበር። ቀነሰም። ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። ድምፁን የሚሰማው ጋሻ የያዘው ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው የተጠለለውም ይሰማዋል። ቀደም ሲል ጋሻ ጃግሬው ስንት ዱላ እንደተቀበለለት ቀስተኛው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ፊት ፊቱን እያየ ይወጋል፣ ሲያሸንፍም በራሱ ጉብዝና ይመስለዋል። አሁን ለእሱ የታለመው ዱላ አጠገቡ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። አንዱ ጎረምሳ ማዳመጫውን አውልቆ «ማነው እሱ የያዘልኝ? እግዜር ይስጠው!» ብሎ ክፍሉን ዞሮ አየ። ጥግ የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሻ ጃግሬነት ሰልፍ ነው። ጉልበቱን አንዲት ጠብታ አልጨመርኩለትም፤ ሰይፍም አልመለስኩለትም።

ቶሎ ደስታውን መደበቅ አይችልም፤ «ማን አሰበው ይሄን?» አለኝ። «አንድ ሞካሪ አለ፤ ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው» አልኩት። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቶሎ ቅጠሪው!» አለኝ። ለአባዬ ስነግረው «ፈቃዴ ጊዜው አልፏል በይው» ብሎ መለሰልኝ።

እንግዲህ የጌሙ ነገር እዚህ ላይ በደስታ ሊያልቅ ነበር። ያላለቀው አክስቴ ስለደወለች ነው።

አክስቴን አትቆጪያት። ሕፃኗን እያባበለች ስታወራኝ አምልጧት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለማንም ሳትነግሪ ወደዚህ መምጣትሽን ነገረችኝ። ከአገር አቋራጩ አውቶቡስ ወርደሽ ፋርማሲው አጠገብ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ቆመሽ እንደነበር። አባዬ ዳቦ ገዝቶ በዚያው የእግረኛ መንገድ ሲመጣ እንዳየሽው። እጅሽን ብትዘረጊ እስኪነካው ድረስ ተጠግቶሽ አልፎ እንደሄደ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ አክስቴ ቤት ተመልሰሽ «ጎልማሳነቴን የጨረስኩበት ሰው እንደ ስልክ እንጨት አለፈኝ» ብለሽ፣ ከዚያ ወዲህ ስሙን እንዳላነሳሽ ነገረችኝ። ስልኩንም የማታነሺለት ለዚህ እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኔ ተራ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር።

ለአባዬ ነገርኩት። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን በዚህ ቤት የተደበቀው ይበቃል አልኩ። ጨዋታ መሀል ነበርን። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳና «መቼ?» አለኝ። ነገርኩት። «ምን ለብሳ ነበር?» አለኝ። እሱን አላውቅም አልኩት። «አናገረችኝ?» አለኝ። «አላናገረችህም፤ ቆማ እስክታያት ጠበቀች» አልኩት። «በየት በኩል?» አለኝ። ከዳቦ ቤቱ ሲመጡ ፋርማሲው በግራ በኩል ነው፤ «በግራህ» አልኩት። ጋሻ ጃግሬው መሀል ዋሻ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ይደበደባል፤ ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ደፍ፣ ደፍ ይላል። አባዬ አላጠፋውም፣ አልተጫወተምም።

ከዚያ ወዲህ አገር አቋራጩ አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል። «ወዴት ነው?» ስለው «ፀሐይ ልሞቅ» ይለኛል፤ ደመና ሆኖም ይወጣል። አንድ ቀን ተከተልኩትና ማዶ ቆሜ አየሁት። ፋርማሲው ፊት ለፊት ይቆማል። ዓይኑን ብቻ ሳይሆን መላ አንገቱን፣ ትከሻውን ጭምር፣ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ያዞራል፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ። የወረደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። መቆሚያው ባዶ እስኪሆን ድረስ እንዲያው ነው። ፋርማሲው ውስጥ የምትሠራው ልጅ «አባትሽ ሰው ጠፍቶባቸዋል እንዴ?» ብላኛለች። ምን ልበላት?

ነይ አልልሽም። ይህን ለማለት ሥልጣኑም የለኝ፣ አባዬ ኮሪደሩ ላይ ያለኝንም አልረሳሁም። አዝነሽለት እንድትመጪም አልጻፍኩልሽም። ግን መንገድሽ ወደዚህ የሆነ እንደሆነ፣ ለሕፃኗ ልብስ ልትገዢም ይሁን ለሌላ ጉዳይ፣ እባክሽ ቆመሽ እስኪያይሽ አትጠብቂ። በየትኛውም ጎን ሁኚ፣ ስሙን ጥሪው። ጮክ ብለሽ፤ ሜዳ ላይ ልጆቹን እንደምትጠሪያቸው።

ይህን ስጽፍ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የብዕሩን ጭረት ሰምቶ «ለማን ነው?» አለኝ። ለእናቴ አልኩት። «ሰላም በያት» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ስለ ምንድነው እንዲህ የሚረዝመው?» አለ። ስለ ጌሙ ነው አልኩት። «እሱ ምኑ ይገባታል ብለሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «ይገባታል» አልኩት።

አክስቴን ሳሚልኝ፤ ሕፃኗን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ጉልበትሽን ብርድ አታስመቺው። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ መንገድሽን ያቅናው፣ የልብሽን ደጅ ክፍት ያድርገው። እኔንም ለምርቃትሽ ያብቃኝ።

ናፋቂሽ፣
ልጅሽ